ለልጁ ኢንሹራንስ አክሲዮናችንን እንሽጥ?

ለአምዱ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔ በአንድ ትልቅ የችርቻሮ ኩባንያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከደሞዜ እያስቆረጥኩ የኩባንያውን አክሲዮን በቅናሽ ስገዛ ኖሬያለሁ። ወደ 9 ሺህ ዶላር አውጥቼበታለሁ፤ ዛሬ 21 ሺህ ገደማ ያወጣል። ለልጆቹ ኮሌጅ ብዬ ነክቼው አላውቅም።

የመጀመሪያ ልጃችን 16 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገባ፤ መንጃ ፈቃድም አወጣ። በጣም ደስ ብሎናል፤ ምክንያቱም እኔ ሥራ ስሆን፣ አባቱም መንገድ ላይ ሲሆን፣ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው አልነበረንም። ቅዳሜና እሁድ ግሮሰሪ ይሠራል። ያገለገለ የ2012 ኮሮላ ገዛንለት። ከዚያ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያችን ደውለን ልጁን ጨምሩልን አልን። በየስድስት ወሩ 1,100 ዶላር እንከፍል ነበር፤ አሁን 2,900 ይሆናል አሉን።

ባለቤቴ «የአክሲዮኑን ግማሽ ሸጠን ለሦስት ዓመት እንገላገል፤ ለልጃችን ካልሆነ ለማን ነው?» ይላል። የኔ ሆድ ግን እምቢ አለ። ወዳጆቻችን ደግሞ «ልጁን ከኢንሹራንሱ አውጡትና ዝም ብሎ ይንዳ» ይሉናል። አንዱ እንዲያውም መኪናውን ዋጋ ርካሽ በሆነበት ስቴት በአጎቱ አድራሻ አስመዝግቡ ብሎናል። በዚህ ነገር ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

እህቴ፣

ልጅሽን እንኳን ደስ ያለው በይልኝ። ባለቤትሽ ገንዘቡ ለልጆቹ ነው ማለቱ ትክክል ነው፤ በዚህ አንቺም የምትከራከሪው አይመስለኝም። እኔ የማልስማማው በመንገዱ ነው። ኢንሹራንስ በየስድስት ወሩ የሚመለስ ሂሳብ ነው። አክሲዮን ግን አንዴ ከተሸጠ ተሸጠ። የሚመላለስ ሂሳብ መከፈል ያለበት ከሚመላለስ ገቢ ነው። ጭማሪው በዓመት 3,600 ዶላር ይመጣል። የአክሲዮናችሁ ግማሽ 10,500 ነው፤ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ያውም ዋጋው ባለበት ከቆየ። ከዚያ እህቱ ትደርሳለች።

ስለዚህ ሽያጩን አቆዩትና መጀመሪያ 2,900ውን አውርዱ።

ከዚያ በፊት ግን የወዳጆቻችሁን ምክር ዛሬውኑ እርሱት። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በቤት ውስጥ ለመንዳት ዕድሜው የደረሰ ሰው ሁሉ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ልጁ ተደብቆ ቢነዳና ሰው ቢጎዳ ኩባንያው አልከፍልም ሊል፣ ውሉንም ሊያፈርስ ይችላል። የተጎዳው ሰው ጠበቃ ይዞ የሚመጣው ያኔ እናንተ ላይ ነው። የአጎት አድራሻም ያው ማጭበርበር ነው። ለጥቂት ሺህ ዶላር ብላችሁ የዕድሜ ልክ ድካማችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ።

ዋጋው የናረው ኩባንያው ልጅሽን ስለጠላው አይደለም። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ለሞት በሚያደርስ ግጭት ውስጥ የመግባት ዕድላቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ልጁ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ዋጋው የሚሰላው በእኩዮቹ ነው።

አሁን ስልክ አንሺ። መጀመሪያ ስለ ውጤቱ ንገሪያቸው። ብዙ ኩባንያዎች አማካይ ውጤቱ ቢ እና ከዚያ በላይ ለሆነ ተማሪ ቅናሽ አላቸው፤ ካልጠየቅሽ ግን ላይነግሩሽ ይችላሉ። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዱን ላኪላቸው። የአነዳድ ትምህርት የወሰደበትን ወረቀትም እንደዚሁ። ቀጥሎ ልጁ በየትኛው መኪና ላይ እንደተመዘገበ ጠይቂ። አንዳንድ ኩባንያ ታዳጊውን ውድ በሆነው መኪና ላይ ይመድበዋል፤ ኮሮላው ላይ ይሁን በይ። በስልክ አፕ አነዳዱን የሚከታተል ቅናሽም አለ፤ ድንገተኛ ፍሬንን፣ ፍጥነትን፣ እየነዱ ስልክ መነካካትን ይመዘግባል። ይሄኛውን ግን ከመቀበልሽ በፊት መጥፎ ነጥብ ዋጋ ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ፤ በአንዳንዱ ዘንድ ይጨምራል።

ከሁሉም ብዙ የሚቀንሰው ምናልባት ኮሮላው ላይ ያለው ፉል ከቨሬጅ ነው። የራሳችሁን መኪና የሚጠግነው ክፍል ማለቴ ነው። ዋጋው ወርዶ ላለቀ አሮጌ መኪና ይህን መክፈል ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ወይ አውጡት፣ ወይ ዲዳክቲብሉን (ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከራሳችሁ የምታወጡትን) ከፍ አድርጉ። መኪናው ቢሰባበር ከራሳችሁ ኪስ ሌላ መግዛት ግን መቻል አለባችሁ።

ሌላውን ሰው የሚክሰውን ክፍል ግን አደራ አትንኩት። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን መጠን ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር አድርጋለች። አንድ ከባድ አደጋ ይህን በአንድ ሳምንት የሆስፒታል ሂሳብ ሊጨርሰው ይችላል። ቤት ካላችሁ እንዲያውም ከፍ አድርጉት።

ይህን ሁሉ ካስተካከልሽ በኋላ ያንኑ ዓይነት ሽፋን ይዘሽ ሌሎች ኩባንያዎችንም ጠይቂ። ለአዋቂ ርካሽ የሆነው ኩባንያ ለታዳጊ ልጅ ውድ ሊሆን ይችላል። የስድስት ወሩን በአንዴ መክፈልም አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ከመክፈል ይረክሳል። እዚህ ላይ እቁባችን ጥሩ ነው። ዕጣችሁ ከኢንሹራንሱ ማደሻ ወር ጋር እንዲገጥም ከእቁብ ሰብሳቢው ጋር ተነጋገሩ።

ልጁም ይክፈል። አውቃለሁ፣ ለብዙ ኢትዮጵያዊ እናት ልጅን ሂሳብ ማስከፈል ይከብዳል። እሱ ግን ደሞዝ የሚያገኝ ልጅ ነው፤ በወር 60 ወይም 80 ዶላር ቢያዋጣ አይጎዳውም። የትራፊክ ቅጣት ቲኬት ቢያገኝ ጭማሪው ከኪሱ እንደሚወጣ ያውቃል፤ አንድ ጥፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል በዋጋው ላይ ይታያል። በቨርጂኒያ ሕግ 18 ዓመት እስኪሞላው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 4 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር፣ መንዳት አይችልም። በመጀመሪያው ዓመት ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተሳፋሪ ከአንድ በላይ አይጭንም፤ ቤተሰብ አይቆጠርም። እህቱን ማምጣቱ ችግር የለውም። ጓደኞቹን ሞልቶ መሄድ ግን አይሆንም። ይህን አባቱ ቁጭ አድርጎ ይንገረው።

ወደ አክሲዮኑ ልመለስ። ብዙ ሰው የሚፈራው ታክሱን ነው። ለእናንተ የፌዴራሉ ታክስ ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል። ከአንድ ዓመት በላይ በተያዘ አክሲዮን ትርፍ ላይ፣ ለ2025 አብረው ታክስ የሚያሳውቁ ባልና ሚስት ታክስ የሚከፈልበት ገቢያቸው ከ96,700 ዶላር ካልበለጠ፣ የፌዴራሉ መጠን ዜሮ ነው። ቨርጂኒያ ግን ትርፉን እንደ ማንኛውም ገቢ ታያለች። በቅናሽ ለሠራተኛ የተሸጠ አክሲዮን ደግሞ የቅናሹ ክፍል እንደ ደሞዝ ይቆጠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራሉ የኮሌጅ ዕርዳታ ማመልከቻ ነው። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ዕርዳታ የሚሰላው ልጁ 10ኛ ክፍል እያለ ከገባው ጃንዋሪ አንስቶ 11ኛ ክፍል እያለ እስካለው ዲሴምበር ድረስ ባለው ገቢ ነው። ልጅሽ አሁን እዚያ ውስጥ ነው! ግማሹን ብትሸጪ 6 ሺህ ዶላር ገደማ ትርፍ በዘንድሮው ገቢያችሁ ላይ ይጨመራል። አክሲዮኑ በእናንተ ስም ሳይሸጥ ቢቀመጥ በዕርዳታው ስሌት የሚታሰበው ቢበዛ 5.64 በመቶው ነው። ገቢ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በከበደ ሚዛን ይታያል። ለኮሌጅ ያስቀመጥሽው ገንዘብ የኮሌጅ ዕርዳታውን ሊቀንስ ነው ማለት ነው። ከጃንዋሪ በኋላ መሸጥም ለሁለተኛው የኮሌጅ ዓመት ይታያል፤ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የግድ የሚጎድል ካለ፣ ለአንድ ስድስት ወር የሚበቃውን ብቻ ሽጪ። ለደላላው ድርጅት የትኛውን አክሲዮን እንደምትሸጪ ራስሽ ንገሪ። ዝም ካልሽ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ይሸጣሉ፤ እነሱ ደግሞ በርካሽ የተገዙና ትርፋቸው የበዛ ሊሆኑ ይችላሉ። በውድ የገዛሻቸውንና ግዢያቸው ከአንድ ዓመት፣ ከደሞዝሽ የሚቆረጥበት የቅናሽ ግዢ ዙራቸው ከተጀመረ ደግሞ ከሁለት ዓመት ያለፉትን ምረጪ። ሁሉም ገንዘብሽ በምትሠሪበት በአንድ ኩባንያ መሆኑም አይመቸኝም፤ ግን እሱ ከኢንሹራንሱ ጋር የማይያያዝ ሌላ ጥያቄ ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን አሳዪው። ልጁ ከመቶ ማይል በላይ ርቆ ኮሌጅ ቢገባና መኪናውን ቤት ቢተው ብዙ ኩባንያዎች ዋጋውን በደንብ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከባዱ ጊዜ ወደ ሁለት ዓመት ሊያጥር ይችላል። እሱ በሦስት ዓመት አስልቶ ነው የተጨነቀው። ተቀምጣችሁ አብራችሁ ደውሉ፤ ዲዳክቲብሉን፣ የኮሮላውን ሽፋንና የልጁን ውጤት አስተካክላችሁ አዲሱን ዋጋ በወረቀት አስልኩ። ከዚያ ወርዶ የቀረው ቁጥር ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።