ሕመማችሁን አትደብቁ፦ ለወጣት የባሌት ዳንሰኞች

ልጆቼ፣

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የዳንሰኞችን እግር ሳክም ነው ዕድሜዬ የሄደው። ይህን የምጽፈው ባሌትን እንጀራችን እናደርጋለን ብላችሁ ለቆረጣችሁ፣ በተለይ እዚህ ላደጋችሁ የሀበሻ ልጆች ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሲያማችሁ ተናገሩ።

ለምን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌትን እንውሰድ። ጆርጅ ባላንሺን እና ሊንከን ከርስታይን እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት ቡድን ነው። ከዳንሰኞቹ ብዙዎቹ ኮር ደ ባሌ በሚባለው፣ በኅብረት በሚደንሰው ክፍል ውስጥ ናቸው። ከእነሱ በላይ ለብቻው የሚደንሰው ሶሎይስት አለ፤ ከዚያ ዋናውን ሚና የሚይዘው ፕሪንሲፓል። ወደ ላይ የሚያልፈው ጥቂት ነው። አንዷ አመመኝ ብላ ስትቀመጥ ሌላዋ ቦታዋን ትይዛለች። በኅዳር ከሚከበረው የአሜሪካ የምስጋና ቀን፣ ከታንክስጊቪንግ፣ ማግስት ጀምሮ ደግሞ ነትክራከር የሚባለው የገና ባሌት አለ። በአምስትና ስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ 50 ጊዜ ገደማ ይታያል። ጠዋት የባሌት ትምህርት፣ ቀን ልምምድ፣ ማታ መድረክ። በዚህ መሀል ማን ደፍሮ እግሬን ይላል?

ጥቁር ዳንሰኛ ደግሞ ይበልጥ ሲደብቅ አያለሁ። እጥፍ ጠንካራ ሆኜ ካልታየሁ ይላል። ጥቁሩ ዳንሰኛ አርተር ሚቸል በ1955 እዚሁ ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ገብቶ ፕሪንሲፓል እስኪሆን ምን እንደተሸከመ መገመት አያቅትም። በ1969 በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሀርለም የራሱን የዳንስ ቡድንና ትምህርት ቤት የመሠረተው ለእናንተ መንገዱ እንዲቀልላችሁ ነው።

አሁን ስለ እግራችሁ። በፖይንት ጫማ በጣታችሁ ጫፍ ስትቆሙ ክብደታችሁ ሁሉ እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል። ከሁለተኛው ጣት በላይ ያለው የእግር መዳፍ አጥንት ቀስ እያለ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ የሚያመው ስትዘሉ ብቻ ነው። ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያታልለውም ይሄ ነው። ያኔ ከተገኘ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ይድናል። ተደብቆ ከተሰበረ ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው።

ሴቶች ልጆቼ፣ በኛ ቤት የማይወራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለመቅጠን ብላችሁ ምግብ ስትቀንሱ የወር አበባችሁ ሊቀር ይችላል። አንዳንዶቻችሁ እንደ ግልግል ታዩታላችሁ። አጥንታችሁ እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ለእናታችሁ መንገር ከከበዳችሁ ለሐኪም ንገሩ። ይሄን እንኳን በፍጹም አታሳድሩት።

ታክሞ መመለስ አለ። የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ፕሪንሲፓል የነበረችው ዌንዲ ዊላን በ2013 ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት መድረክ ላይ ተመልሳለች። ከቡድኑ በክብር የተሰናበተችው በ2014፣ በ47 ዓመቷ ነው። በ2019 ደግሞ ከአመራሮቹ አንዷ ሆና ተመለሰች።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በጉዳት የተቀመጠ ዳንሰኛ ደሞዙ እስከ መቼ ይከፈለዋል? የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ያየውን ለዳይሬክተሩ የሚነግረው እናንተ ስትፈቅዱ ብቻ ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቡድኑ የሠራተኛ ማኅበር ካለው ደግሞ ተወካዩን በመጀመሪያው ሳምንት ተዋወቁት፤ ስልኩንም ያዙ።