የስቴት የትራንስፖርት ገንዘብ ለመንገድ፣ ለባቡርና ለብስክሌት እንዴት ይከፋፈላል? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ስቴቶች የትራንስፖርት ገንዘባቸውን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የዕለት ሥራዬ ከዚህ በጀት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አሰልቺ ሰነድ ማንበብ ለምዶብኛል። የመጡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመንገድ ብዙ፣ ለባቡር ትንሽ፣ ለብስክሌት ፍርፋሪ። እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ብዙ ሰው ባለሥልጣናቱ በየዓመቱ ተሰብስበው "ለመንገድ ይህን ያህል፣ ለባቡር ይህን ያህል" እያሉ የሚያካፍሉ ይመስለዋል። አብዛኛው ገንዘብ ግን ገና ከመነሻው ታስሮ ነው የሚመጣው። የት መዋል እንዳለበት የሚወስነው የተሰበሰበበት ሕግ ነው።

ነዳጅ ስትቀዱ በጋሎን 18.4 ሳንቲም የፌዴራል ታክስ ትከፍላላችሁ። ከዚህ ላይ 2.86 ሳንቲም ለሕዝብ ማመላለሻ ይሄዳል። ከቀረው ላይ የሳንቲም አንድ አሥረኛ የሚያፈሱ የነዳጅ ጋኖች ያበላሹትን አፈር ለማጽዳት ይነሳል። ሌላው በሙሉ የሀይዌይ ነው። ታክሱ ከ1993 ወዲህ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። የዋጋ ንረቱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ክፍፍሉ የመጣው ከፖለቲካ ድርድር ነው። ታክሱ የሚገባበት የፌዴራል ፈንድ በ1956 ሲቋቋም የሀይዌይ ብቻ ነበር። በ1982 መጨረሻ ኮንግረሱ ታክሱን በ5 ሳንቲም ሲያሳድግ የከተማ ተወካዮች ድምፅ አስፈለገ። ከአምስቱ አንዷ ሳንቲም ለሕዝብ ማመላለሻ ተሰጠች። ፕሬዚዳንት ሬጋን ጥር 1983 ላይ ፈረሙበት። ዛሬም "80 ለ20" እየተባለ የሚጠራው ክፍፍል የዚያ ስምምነት ልጅ ነው። ለእኔ ይህ በጥናት የተገኘ ቁጥር ሳይሆን፣ ከ40 ዓመት በፊት ድምፅ ለማግኘት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ስቴቶችስ የራሳቸውን ታክስ እንደፈለጉ ማድረግ አይችሉም?

እንደየስቴቱ ይለያያል። ዋሽንግተን ስቴት በ1944 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የነዳጅ ታክስ ለሀይዌይ ዓላማ ብቻ እንዲውል አሰረው። ሲያትል የምትኖሩ ልብ በሉ፦ የመኪና ማመላለሻ ጀልባዎቹ በዚህ ገንዘብ ይደጎማሉ፤ ጀልባው የሀይዌዩ ተቀጥላ ሆኖ ይቆጠራልና። ባቡር ግን አይቆጠርም። ጆርጂያም የነዳጅ ታክሱን በሕገ መንግሥቱ ለመንገድና ለድልድይ አስሮታል። ሚሺጋን ከነዳጅ ታክሱ ቢበዛ 10 በመቶውን ለሕዝብ ማመላለሻና ለመሰል ሥራዎች ይፈቅዳል። ቴክሳስ ሩቡን ለትምህርት ቤቶች ሰጥቶ ሦስት ሩቡን ለመንገድ አድርጎታል።

የሜሪላንድ አሠራር ከእነዚህ ይለያል። ከ1971 ጀምሮ ሁሉም በአንድ ቋት ነው፦ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ የባልቲሞር ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ መንጃ ፈቃድ የምታወጡበት መሥሪያ ቤት ሳይቀር። ጥሩ ይመስላል፤ በብዙ መልኩም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቋቱ ያልታሰረ ስለሆነ አንድ ሰው ሊያዞረው ይችላል። በ2015 አገረ ገዥ ላሪ ሆገን ለባልቲሞር የታቀደውን "ቀይ መስመር" የተባለ ቀላል ባቡር ሰረዙት። ፌዴራል መንግሥት ያዘጋጀው 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እዚያው ቀረ። የስቴቱ ድርሻ ወደ መንገድ ሥራ ዞረ። በ2023 ደግሞ አገረ ገዥ ዌስ ሙር ፕሮጀክቱን እንደገና አስነሱት። አንድ ቋት ስለሆነ ብቻ ባቡር ያሸንፋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም።

እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። ዲዝል በቀዳሁ ቁጥር ታክስ እከፍላለሁ። ብስክሌተኛው ምን ከፍሎ ነው መንገዴ የሚጠበው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አንተ ከሌላው አሽከርካሪ በላይ እንደምትከፍልም እውነት ነው፤ የዲዝል የፌዴራል ታክስ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ነው።

ይሁን እንጂ ታክሱ የመንገዱን ወጪ መሸፈን ካቃተው ቆይቷል። ከ2008 ጀምሮ የፌዴራሉ ፈንድ እየጎደለ ኮንግረሱ ከጠቅላላው በጀት ይሞላለታል። በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ብቻ የተዛወረው 118 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ከገቢ ግብርና ከብድር የመጣ ነው። ብስክሌተኛውም፣ መኪና የሌላት እናትም ከፍለውበታል። በዚያ ላይ ብስክሌተኛው የሚሄድባቸው የሰፈር መንገዶች በአብዛኛው የሚሠሩት በከተማና በካውንቲ ገንዘብ፣ ማለትም በንብረት ግብርና በሽያጭ ታክስ ነው። እሱ ሀይዌይ ላይ አይወጣም፤ የሰፈሩን መንገድ ግን ቤት ተከራይቶም ቢሆን ይከፍልበታል።

መንገድ የሚጠብበት ጉዳይ ሌላ ክርክር ነው። ትራክ ማራገፊያ ቦታ ሳይተዉ የብስክሌት መስመር የሚቀቡ ከተሞች አሉ፤ እዚያ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ለብስክሌትና ለእግረኛ በትክክል ስንት ይደርሳል?

በ2021ዱ ሕግ መሠረት ለብስክሌትና ለእግረኛ መንገድ ዋናው የፌዴራል ምንጭ በአምስት ዓመት 7.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለሀይዌይ ፕሮግራሞች የተመደበው 350 ቢሊዮን ገደማ ነው። ስታሰሉት 2 በመቶ አካባቢ ይመጣል።

ስቴቶች በራሳቸው የጨመሩም አሉ። ኦሪገን በ1971 ከሀይዌይ ፈንዱ ቢያንስ 1 በመቶው ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንዲወጣ በሕግ ደነገገ። ካሊፎርኒያ በ2017 የነዳጅ ታክስ ሲጨምር ለዚሁ ሥራ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለየ።

እነዚህን መቶኛዎች ግን በጥንቃቄ ያዟቸው። አንድ መንገድ አስፋልቱ ሲታደስ የብስክሌት መስመር አብሮ ቢቀባበት ወጪው የሚመዘገበው "መንገድ" ተብሎ ነው። በተቃራኒው "የብስክሌት ፕሮጀክት" የተባለው ውስጥ የፍሳሽ ቦይና የትራፊክ መብራት ተካቶ ታገኛላችሁ። ስለዚህ እኔ ከመቶኛው ይልቅ የአስፋልት እድሳት ዝርዝሩን ነው የማየው። ርካሽ የብስክሌት መስመር የሚወለደው እዚያ ነው።

በሰፈራችን አዲስ የባቡር መስመር እየሠሩ አውቶቡሳችንን ግን ቀነሱት። ገንዘብ ካላቸው አውቶቡሱን ለምን አይተዉልንም?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ልካችሁታል። መልሱ ያናድዳል፤ ግን ግልጽ ነው። የግንባታ ገንዘብና የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አይገናኙም።

ፌዴራል መንግሥት ሐዲድ ለመዘርጋት፣ አውቶቡስ ለመግዛት፣ ጣቢያ ለመሥራት ይሰጣል። የሾፌር ደመወዝና የነዳጅ ወጪ ግን ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ባለባቸው የከተማ አካባቢዎች በመደበኛው ጊዜ አይሸፍንም። ለአነስተኛ አገልግሎቶች የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ፤ በኮቪድ ጊዜም ለጊዜው ተፈቅዶ ነበር። የኮቪዱ ገንዘብ ሲያልቅ በየከተማው የአውቶቡስ ቅነሳ ወሬ የበዛው ለዚህ ነው። ሾፌሩን የሚከፍለው ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም ተሳፋሪው ነው።

ፔንሲልቬንያን እዩ። በ2007 የወጣ ሕግ የክፍያ ሀይዌዩ በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ለስቴቱ ትራንስፖርት እንዲያስገባ አደረገ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ለሕዝብ ማመላለሻ ይውል ነበር። የሀይዌዩ ድርጅት ዕዳ ውስጥ ገባ፤ የመኪና ክፍያውም በየዓመቱ ወደ ላይ ወጣ። ከ2022 ጀምሮ ግዴታው ወደ 50 ሚሊዮን ወረደ። ቀዳዳው ከሌላ የስቴት ገቢ መሞላት ነበረበት። ከፊላዴልፊያ ስለ አውቶቡስ ቅነሳ በተደጋጋሚ የምትሰሙት ክርክርም ከቋሚ ገቢ እጦት የሚነሳ ነው።

ሲያትል አካባቢ ደግሞ ባቡሩን የሚሠራው ሳውንድ ትራንዚት የራሱ ታክስ አለው፤ በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጽድቆለታል። ያንን ገንዘብ የካውንቲው አውቶቡስ እንዳሻው ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ፦ በአንድ በኩል ክሬን፣ በሌላ በኩል የተሰረዘ አውቶቡስ። የሰረዘው ሰው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ስቴቶች ከባቡር ይልቅ ሀይዌይ የሚመርጡት ስለሚወዱት ነው?

በከፊል ሂሳቡ ስለሚያዋጣቸው ነው። ለተለመደ የመንገድ ሥራ ፌዴራል 80 በመቶ ይሸፍናል፤ ስቴቶችን ለሚያገናኙት ኢንተርስቴት ሀይዌዮች 90 በመቶ። ትልቅ የባቡር ፕሮጀክት ግን በተግባር ከፌዴራል የሚያገኘው ግማሽ ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። እንግዲህ ስቴቱ ለመንገድ አንድ ዶላር ቢያወጣ አራት ይከተለዋል። ለባቡር አንድ ቢያወጣ አንድ። እናንተ የበጀት ኃላፊ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እሺ ያለ ስቴት ግን መውጫ አለው። ከ1991 ጀምሮ ስቴቶች ከሀይዌይ ገንዘብ የተወሰነውን ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ማዛወር ይችላሉ። ፈቃዱ አለ፤ አብዛኞቹ ብዙም አይጠቀሙበትም።

አገር አቀፉ የመንገደኞች ባቡር አምትራክስ? የስቴት ገንዘብ ይነካዋል?

አዎ። በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት ከ750 ማይል በታች የሆኑ መስመሮችን ወጪ የሚጋሩት ስቴቶች ናቸው። ቦስተንን ከዋሽንግተን ዲሲ የሚያገናኘው ዋናው መስመር በሌላ ደንብ ይሄዳል። አምትራክ ከነዳጅ ታክስ ድርሻ የለውም።

እዚህ ላይ ቨርጂኒያን ማንሳት ደስ ይለኛል። በ2019 ስቴቱ ከሲኤስኤክስ የባቡር ኩባንያ ጋር ሐዲድና መሬት የሚገዛበትን የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረገ። በፖቶማክ ወንዝ ላይ የሚሠራ አዲስ የባቡር ድልድይም አለበት። የወቅቱ አገረ ገዥ ራልፍ ኖርታም ያቀረቡት ምክንያት የሂሳብ ነበር፦ ኢንተርስቴት 95ን ለ50 ማይል ያህል በየአቅጣጫው በአንድ መስመር ማስፋት 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ተሠርቶ ሲያልቅም መጨናነቁ እንደነበረ ይሆናል። በ2020 ሥራውን የሚመራ የመንገደኞች ባቡር ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባቡርን ከሀይዌይ ጋር በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጡት እንዲህ ያለ ውሳኔ ይወጣል። ለየብቻ ቢታዩ ኖሮ ባቡሩ "ውድ ነው" ተብሎ ይቀር ነበር።

ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሲዞር ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ብዙ ስቴቶች ለኤሌክትሪክ መኪና ዓመታዊ ክፍያ ጨምረዋል። ኦሪገን በ2015፣ ዩታ በ2020 በተነዳ ማይል የሚያስከፍል አማራጭ ጀምረዋል። እኔ የምከታተለው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አዲሱ ክፍያ እንደ ድሮው ታክስ ለመንገድ ብቻ ይታሰር ይሆን? ሕጉ ሲረቀቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቶ ለብዙ ዓመታት ሊያስረን ይችላል።

በሰፈራችን የእግረኛ መንገድ የለም። አቤት የምንለው ለማን ነው?

ትልቁ የተለመደ ስህተት ግንባታው ሲጀመር መጮህ ነው። ያኔ አልቋል። እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ የአራት ዓመት የፕሮጀክት ዝርዝር አለው። ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለበት የከተማ አካባቢ ደግሞ የራሱ የዕቅድ ድርጅት አለው፤ የየከተማውና የየካውንቲው ተመራጮች የሚቀመጡበት። የፌዴራል ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ካልገባ ገንዘቡ አይወጣም። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ በሕግ የግድ ነው። ስብሰባዎቹ ብዙ ጊዜ ባዶ አዳራሽ ናቸው። አምስት ሰው መጥቶ ስለ አንድ መንገድ ቢናገር ይሰማል።

ስትሄዱ "የእግረኛ መንገድ ይሠራልን" ብቻ አትበሉ። የመንገዱን ስም፣ ከየትኛው መስቀለኛ እስከ የትኛው እንደሆነ፣ አቅራቢያ ያለውን ትምህርት ቤት ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ ጻፉ። ከዚያ ያ መንገድ አስፋልቱ መቼ እንደሚታደስ ጠይቁ። ዓመቱን ከነገሯችሁ ጥያቄያችሁን ከዚያው ፕሮጀክት ጋር አያይዙት። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ከቀኑ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ አይደርስም።