ጥያቄና መልስ፦ ለቴሌስኮፕ መስታወት መሞረጃ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ ለቴሌስኮፕ የሚሆን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ መስታወት በካርቦረንደም (መስታወት በሚበላ ጠንካራ ዱቄት) መሞረድ ጀምሬአለሁ። የምግብ ጠረጴዛችን ግን በገፋሁ ቁጥር አብሮኝ ይሄዳል፤ ግድግዳ ስለተጠጋም ልዞረው አልቻልኩም። ምን ላይ ልሥራ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መዞር ካልቻሉ ጠረጴዛውን ቢቸነክሩትም አይጠቅምዎትም። ሥራው በሁለት ክብ መስታወቶች ነው፦ ታችኛው (ዲስኩ) ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ላይኛው በመካከላቸው ባለው እርጥብ ዱቄት ላይ በእጅ ይገፋል። መስታወቱ ወጥ ሆኖ የሚጎደጉደው ከሁሉም አቅጣጫ ሲገፋ ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ከተሞረደ ነጥብ መሆን የሚገባው ኮከብ ሞላላ ሆኖ ይታያል።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ይፈልጉ። ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ከክርን ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ደህና ነው። ስፋቱም 60 ሴንቲ ሜትር ስለማይሞላ ዙሪያውን መሄድ ቀላል ነው። ለክብደት ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማምጣት ያጓጓል፤ እኛ ግን ውሃ እንመርጣለን፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ መስታወቱ ሥር ከገባች የሳምንት ሥራ ትቧጭራለችና። እስከ አፉ ይሙሉት፤ ግማሽ ውሃ ይናጣል፣ በርሜሉንም ያወዛውዛል። ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ቦታውን አስቀድመው ይወስኑ።

ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ሁለት ድርብ አጣብቀው በክብ ይቁረጡ፤ ማዕዘን ያለው ሲዞሩ ዳሌ ይመታል። ችፑድ አይሆንም፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ከሥሩ ሦስት ትናንሽ እንጨቶች ከበርሜሉ ከንፈር ወደ ውስጥ እንዲገቡ አድርገው ይምቱ፤ ያን ጊዜ አይንሸራተትም። ጠርዙን ጨምሮ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡት፤ ያልተቀባ እንጨት ዱቄቱን ውጦ ያስቀራል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ዲስኩን ሳንቃው ላይ በሚይዘው ማቀፊያ ላይ ነው። ሦስት የእንጨት ማቀፊያዎች በእኩል ርቀት፣ በ120 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ቁመታቸው 18 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዲስኩ ከፍ ካሉ ላይኛው መስታወት ይገጫቸዋል። ሁለቱ በብሎን ይጠበቁ፣ ሦስተኛው በሽብልቅ ይጠጋ። ሽብልቁን በመዶሻ አይምቱ! በዲስኩና በማቀፊያው መካከል ወረቀት ማለፍ አለበት። የታነቀ መስታወት ሲሞረድ ቅርጹ የተስተካከለ ይመስላል፤ ሲለቀቅ ግን ይመለስና ሦስት ቦታ ያበጠ ይሆናል። ከሥሩ አምስት ስድስት ቅጠል እርጥብ ጋዜጣ ያንጥፉ።

አገፋፉ፦ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ርቀት ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ስድስት ሰባት ጊዜ ከገፉ በኋላ አንድ እርምጃ ይዙሩ፣ የያዙትን መስታወት ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ያሽከርክሩት። የድሬ ሙቀት ውሃውን ቶሎ ስለሚያደርቀው ስፕሬይ አጠገብዎ አይጥፋ፤ የደረቀ መስታወት እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ያለችው ክፍሌ በርሜል አስገብታ አታዞርም። ሌላ ዘዴ አለ? (ከሐረር)

መልስ፦ አለ። በ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሦስት እግር ያስበይዱ፣ ወደ ውጭ የተንሰራፉ። አራተኛ እግር አይጨምሩ፤ ወጣ ገባ ወለል ላይ የሚረጋው ሦስቱ ነው። ከታች መደርደሪያ አድርገው ታጥቦ የደረቀ ድንጋይ 50 ኪሎ ያህል ይጫኑበት። እርስዎ መዞር ስለማይችሉ ሳንቃው ይዙር፦ መሐሉ ላይ አንድ ብሎን በሮንዴላ ያስገቡ፣ ከሥሩ ሦስት ቁራጭ ፕላስቲክ ይለጥፉ። ኩሽኔታ ግን አያስገቡ። እንደ ልቡ የሚሽከረከር ሳንቃ ሲገፉት ያመልጣል፤ በእጅ ሲዞር ብቻ የሚታዘዝ፣ ትንሽ የሚከብድ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከቁጥር 80 ወደ 220 ዱቄት ስሸጋገር ረጅም ጭረት ወጣብኝ። ዱቄቱ የተበላሸ ይሆን? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከዱቄቱ በፊት ጠረጴዛውን ይጠርጥሩ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የዱቄቱ ፍሬ ይተልቃል። የ80ው ፍሬ ማቀፊያው ከሳንቃው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅና በብሎኑ ራስ ውስጥ ይደበቃል። ማቀፊያዎቹን ፈተው ሁሉንም በብሩሽ ይጠቡ፣ ጋዜጣውን ይጣሉ፣ የሥራ ልብስዎንም ይቀይሩ። የድሬ ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ ሲያርፉ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። ያጠቡበትን ውሃ ወደ ማጠቢያ ገንዳው አይድፉት፤ ጭቃው ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። ጭረቱ እስኪጠፋ በ220 ይቀጥሉ፤ ካልጠፋ ወደ 120 ይመለሱ።