ካዝናው ሳይነቀል እጀታውን አትሳብ

አንድ የመጋዘን ጥበቃ ጽፎልኛል። ፈረቃ ሲቀያየሩ አንድ አሮጌ ክላሽ ይረካከባሉ። ባለፈው ሳምንት አስረካቢው «ባዶ ነው» ብሎ ምላጩን ሲስብ ባረቀበት። ጥይቷ የግቢውን ሲሚንቶ መታች፣ ስብርባሪው የጓደኛውን ባት ቀደደው። «ካዝናው ተነቅሎ ነበር፣ ታዲያ ጥይቷ ከየት መጣች? ደግሞ ማታ ለሁለት ስንዞር የኋላው ሰው አፈሙዝ ጀርባዬ ላይ ነው፣ እንዴት ብንሄድ ይሻላል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጓደኛህን እግዜር ይማረው። ከዚህ የባሰ ሊመጣ ይችል ነበር።

አልጻፍክልኝም እንጂ የሆነው ነገር ይታየኛል። አስረካቢው መጀመሪያ የማቀባበያውን እጀታ ስቦ ለቀቀ። አንድ ጥይት ተፈናጥራ መሬት ወደቀች። ከዚያ ካዝናውን ነቀለ። ስህተቱ ያለው እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ክላሽ እጀታው ወደኋላ ሲሳብ ውስጥ ያለችውን ጥይት ያስወጣል፣ ወደፊት ሲመለስ ደግሞ ካዝናው እዚያው ካለ ከአፉ ላይ ሌላ ጥይት ገፍቶ ያስገባል። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ገባች። ካዝናው ከዚያ በኋላ ቢነቀልም የገባችው ጥይት እዚያው ተኝታ ትጠብቃለች። ሰውን የምታታልለው ያቺ መሬት የወደቀችው ናት። በዓይኑ ስትወድቅ ስላየ ባዶ አደረግሁ ብሎ ያምናል። ምልምል ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን የዚህን ያህል ደጋግሜ ያየሁት ስህተት የለም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ካዝናው ይቅደም። አፈሙዙን አደጋ ወደማያመጣ ቦታ አዙር፣ ጣትህን ከምላጩ አውጥተህ በመሣሪያው ጎን ላይ ዘርጋው። ካዝናውን ንቀልና ኪስህ ክተተው። ከዚያ በቀኝ ጎን ያለውን መቆለፊያ ወደታች አውርደው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ክላሽ ላይ መቆለፊያው ላይኛው ቦታ ላይ ሲሆን ምላጩን ብቻ ሳይሆን የእጀታውንም መንገድ ይዘጋል፤ እጀታው ትንሽ ይሳብና ይቆማል። ሳትከፍተው ባዶ ልታደርገው አትችልም። ሲወርድ መሃል ላይ ያለው አከታትሎ መተኮሻ ነው፣ ከታች ያለው ነጠላ መተኮሻ። እስከ ታች አውርደው።

አሁን እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳብና እዚያው ያዘው። ቶሎ አትልቀቀው። ጥይት ካለች ትወጣለች። ጎንበስ ብለህ ጥይቷ የምትተኛበትን ቤት እይ፣ ማታ ከሆነ በባትሪ። ካየህ በኋላ እጀታውን አጥብቀህ እንደያዝክ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳብሰው። ዓይን በጨለማ ይሳሳታል፤ ጣት ግን ቀዳዳው ባዶ መሆኑን ያውቃል። ተረካቢውም አጠገብህ ቆሞ አብሮህ ይይ። ከዚያ ጣትህን አውጣና እጀታውን ልቀቀው፣ አፈሙዙ እዚያው እንዳለ ምላጩን ሳብ፣ ቀጭ ሲል መቆለፊያውን ወደላይ መልስ። ተረካቢው መሣሪያው እጁ ሲገባ ይህንኑ ከሀ እስከ ፐ ራሱ ይድገመው። ቅድም አይቻለሁ ማለት የለም። ጓደኛን አለማመን እንዳይመስልህ፤ ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው።

አደጋ ወደማያመጣ ቦታ ስል ሲሚንቶ ማለቴ አይደለም። ድንጋይና ሲሚንቶ ጥይት ያነጥራሉ፣ ስብርባሪም ይረጫሉ፣ አይታችሁታል። ሰማይም አይሆንም፣ የወጣው ይወርዳል። ቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳ ጥይቷን አያቆሟትም፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬትም አትተማመን፤ ከግድግዳው ጀርባ የሚያድር ሰው አለ። አለቃችሁን አንድ በርሜል ጠይቁ። ደረቅ አሸዋ ሙሉት፣ ከበሩ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ርክክቡ ሁሉ እዚያ ይሁን። አፈሙዙ ወደ አሸዋው ይዙር፣ ግን አሸዋው ውስጥ አይሰካ፤ በተደፈነ አፈሙዝ ቢተኮስ የመሣሪያው ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየፈረቃው ጥይት ማግባትና ማውጣት ራሱ ጣጣ አለው። የክላሽ መርፌ ልቅ ስለሆነ ጥይት በገባ ቁጥር የቀለሃዋን ግርጌ፣ መሃሏ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ፣ በስሱ ይነካታል። ያወጣሃትን ጥይት ገልብጠህ ብታያት ነጥብ የምታክል ጭረት ታገኛለህ። ያቺው ጥይት ጠዋት ማታ እየገባች ስትነካ መክረሟ ጥሩ አይደለም። ምልክት ያለባትን ለይታችሁ ለመሣሪያ ኃላፊው መልሱ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሳይቀባበል መጠበቅ ነው፤ ካዝናው ገብቶ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ። የመጋዘን ጥበቃ ላይ ለማቀባበል የሚፈጀው አንድ ሰከንድ አይጎዳህም።

ወደ ዙሩ ልምጣ። ቀኝ እጅ ሰው መሣሪያውን ደረቱ ላይ ሲይዝ አፈሙዙ ወደ ግራና ወደ ታች ይዞራል። ጎን ለጎን ከሄዳችሁ የቀኙ ሰው አፈሙዝ የግራውን እግር ያያል ማለት ነው። አንዱ ከኋላ ቀጥ ብሎ ከተከተለ ደግሞ አሁን የምትለው ይመጣል። ስለዚህ ሰያፍ ሁኑ። አንዱ ከፊት በቀኝ፣ ሌላው አምስት ሜትር ያህል ወደኋላ ቀርቶ በግራ። እንዲህ ሲሆን የፊተኛው አፈሙዝ ከኋለኛው ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ያልፋል፣ የኋለኛው ደግሞ ወደ ውጭ ያያል። ጨለማው ከበረታ ጥላችሁ እስኪተያይ ድረስ ተቀራረቡ፣ ሰያፉን ግን አትልቀቁ። የኋለኛው ወደኋላ ሲያይ በግራ ትከሻው ይዙር፣ የፊተኛው በቀኝ ትከሻው። ሁለታችሁም ወደ ውጭ ስትዞሩ አፈሙዝ በጓደኛ ላይ አያልፍም። ከመካከላችሁ ግራ እጅ ካለ አያያዙ ስለሚገለበጥ ቦታችሁን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አጥር ወይም ቦይ መሻገር ካለባችሁ አንዱ ሁለቱንም መሣሪያ ይያዝ፣ ሌላው ባዶ እጁን ይሻገር። ከዚያ መሣሪያው ካዝናው ተነቅሎ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ሰደፉ ወደ ተቀባዩ ዞሮ ይቀበል።

አሮጌ ነው ያልከውን ክላሽ ደግሞ መቆለፊያውን በጣትህ ነካ ነካ አድርገህ ሞክረው። ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ መሆን አለበት። ቀጭ ብሎ ቦታው ላይ ካልቆመና በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ፣ ለመሣሪያ ጠጋኝ እስኪታይ ድረስ ከሥራ ይውጣ።