ሮም በነሐሴ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

የኛ ክረምት እዚህ በጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዘመድ አዝማድ ሮምን ለማየት ይመጣል፣ እኔም አብሬ እዞራለሁ። 14 ዓመት እንዲሁ ስዞር ኖሬያለሁ። ለሁለት ለሦስት ቀን ልትመጡ ያሰባችሁ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓመቱ ግን፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ የአውሮፓ ነው።

ጥያቄ፦ ከሙኒክ ሦስት ቀን ይዘን እንመጣለን። ሙቀቱ ያስፈራል ይሉናል። ቀኑን እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ሮምን በማለዳና በማታ እዩአት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትሬቪ ምንጭ ብትደርሱ ውሃው ሲወርድ ትሰማላችሁ። 4 ሰዓት ላይ የሚሰማው የሰው ጫጫታ ብቻ ነው። ከ6 እስከ 11 ሰዓት ግን ፀሐይ ላይ አትንከራተቱ፤ ወይ ተኙ፣ ወይ ወፍራም ግንብ ያለው ቤት ውስጥ ግቡ።

እኔ እንግዶቼን የምወስደው ከኮሎሲየም ብዙም ወደማይርቀው፣ ሮማውያን ሳን ክሌሜንቴ ወደሚሉት የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላይኛው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ደረጃውን ስትወርዱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ፣ የ4ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያም በታች የ1ኛው ክፍለ ዘመን ግንቦችና ሚትራ የተባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ክፍል አለ። እዚያ ታች ውሃ ሲፈስ ይሰማል፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ሮም በራሷ ላይ እየተደራረበች የተሠራች ከተማ መሆኗን እንደዚህ ቦታ የሚያሳይ አላየሁም። እንዲህ ያሉት አነስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚዘጉ ሰዓታቸውን አስቀድማችሁ እዩ። እንደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያሉት ትልልቆቹ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው።

ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ናሶኔ የሚባል የብረት ቧንቧ አለ፤ ‘ትልቅ አፍንጫ’ ማለት ነው። ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል አሉ፣ ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈልቃል፤ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። ልጆች ከኮሎሲየሙ ይልቅ ይህን ያስታውሳሉ።

ጥያቄ፦ የኮሎሲየም ትኬት እዚያው በር ላይ መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ በበጋ አትሞክሩት። በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ግዙ፣ የማለዳውን ሰዓት ምረጡ። ትኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ለኔ ግን በዚያ ሙቀት ወረፋው ከክፍያው ይብሳል።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምመጣው። ሃይማኖተኛ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ቫቲካን ይከብዳታል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይከብዳትም፤ ግን በጠዋት ሂዱ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ወረፋ የሚያስይዘው የፍተሻው በር ነው። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። በዚህ የኛ እናቶች አይቸገሩም፤ ነጠላዋን ትያዝ። አንቺም አንድ ትርፍ ያዥ። መንገዱ የቆየ ኮብልስቶን ስለሆነ ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጊላት።

እናትሽ አንድ ነገር ብትሰማ ደስ ይላታል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ‘የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ’ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ግዕዝ የተማረው ከእነዚያ መነኮሳት ነው፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚሁ ሮም አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። ቀጥሎ ደግሞ እዚያው ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከሀገራቸው ርቀው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቀርጸው! ሁልጊዜ ስናገረው ልቤ ይነካል። ቤተ ክርስቲያኑ ከቅጥሩ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። አንቺ ጉልበት ካለሽ ጉልላቱ ላይ ውጪ፤ በእግር 551 ደረጃ ነው፣ በአሳንሰር ጀምረሽም 320 ይቀርሻል። ከላይ ሆነሽ ወደ ኋላ፣ ወደ አትክልቱ ቦታ እይ። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ፍልሰታ ላይ ነው የምንመጣው። የጾም ምግብ እናገኛለን?

መልስ፦ በደንብ። አይብ የሌለው፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያለው ፒዛ ማሪናራ ይባላል። ስፓጌቲ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ወይም በቲማቲም ብቻ፣ እንደ ቤታችን የጾም ፓስታ ነው፤ ‘ሴንሳ ፎርማጆ’ በሉ፣ አይብ እንዳይነሰንሱበት። ከጄላቶ (የነሱ አይስክሬም) ፈንታ በፍራፍሬ የሚሠራውን ሶርቤቶ ጠይቁ፣ ወተት እንደሌለውም አረጋግጡ። እንጀራ ካማራችሁ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ የሮጠበትን መንገድ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን እስክትጠይቁኝ ስጠብቅ ነበር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ማራቶኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ካምፒዶሊዮ ከሚባለው ኮረብታ ተነሣ። ከከተማ ወጥተው በጥንቱ የአፒያ መንገድ ሲመለሱ መሽቶ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ፣ ከጎኑ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም።

እናንተ 42 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልጋችሁም። አመሻሹ ላይ ከካምፒዶሊዮ ውረዱ፣ የጥንት ሠረገሎች ይወዳደሩበት በነበረው በቺርኮ ማሲሞ ዳር ዳሩን ሄዳችሁ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ እዚያ ነው። እዚህ ጋ ቁሙ። በ1937 ተዘርፎ የመጣው የአክሱም ሐውልት የቆመው በዚህ ቦታ ነበር፣ 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው። አበበ ራዲን ጥሎ የሄደው በሐውልቱ አቅራቢያ ነው። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው የመረጡት ቦታ ነበር። ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ከፊታችሁ የቆስጠንጢኖስ ቅስት በመብራት ደምቆ ይታያችኋል፣ አጠገቡ ኮሎሲየም። የገባው እዚያ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ፈጣኑ። ሐውልቱ በ2005 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። በእግራችሁ በጠቅላላው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሦስት ቀን መጥታችሁ አንድ ማታ ብቻ ቢኖራችሁ እንኳ ለዚህ ስጡት።

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት ሰው ነኝ፣ ከልጄ ጋር እመጣለሁ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተወስዶ ቆሞበት የነበረው የት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ከተርሚኒ ጣቢያ በእግርዎ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለ ትንሽ አትክልት ቦታ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ሐውልት አለ። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ጣልያኖች መታሰቢያ ነው። በወረራው ጊዜ አንበሳውን ከሥሩ አቁመውት ነበር፤ በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ያለው ያ ነው። የጣቢያው አደባባይም ‘የአምስት መቶዎቹ’ የሚባለው በእነዚያው ሟቾች ነው። ጠዋት ይሂዱ፣ ጥላና መቀመጫ አለ።

ጥያቄ፦ ጣልያንኛ አንችልም። ያስቸግረናል?

መልስ፦ ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ። ፌርማታ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ ሁሉም የነሱ ናቸው። እነሱም ከኛ ወስደዋል፦ ትርምስምስ ያለ ነገርን ‘አምባራዳን’ ይላሉ፣ በ1936 ከተካሄደው ከአምባ አራዳም ጦርነት የመጣ ነው። ቡና ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማኪያቶ ብትሉ የሚመጣላችሁ በትንሽ ስኒ፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ነው፣ የአዲስ አበባው አይደለም። ‘ላቴ’ ብቻ ብትሉ ወተት ይሰጧችኋል። ቆማችሁ ስትጠጡ ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በሦስት ቀኑ ውስጥ ፍሎረንስን እንጨምር?

መልስ፦ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ይቻላል። እኔ ግን አልጨምርም። ሌላ ጊዜ ለብቻዋ ኑላት።

ጥያቄ፦ ነሐሴ 9 ከተማው ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በነሱ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፣ ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን። ብዙ ሮማውያን ወደ ባሕር ስለሚሄዱ የሰፈር ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስም ይቀንሳል። የምትበሉትን በዋዜማው ግዙ። ቀናችሁን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ኦገስት 5 እዚህ ሁኑ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ቀን በረዶ ጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ቦታ አመለከተ ይላሉ፤ ለዚያ መታሰቢያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ ከጣሪያው ነጭ የአበባ ቅጠል ይወርዳል። ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ መሐል አካባቢ ቁሙ።