ጨው ቀንሱ ስንል ጭሱን ሳንጠይቅ ቀረን

ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ አዳማ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነው። ይሄን የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። በየወሩ ይመጣሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቁጭ ይላሉ፣ የግፊት መለኪያውን ስጠቀልልላቸው ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይላል፣ ሽታው እሳቸው ከወጡም በኋላ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ግፊታቸው 160፣ 170፣ አልወርድ አለ። እኔም የለመድኩትን እደግማለሁ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ኪኒኑን እንዳያቋርጡ፣ በእግርዎ ይሂዱ። አንድ ቀን "ሲስተር፣ ጨው ከተውኩ እኮ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ወጤን ልጆቼ እንኳን አይበሉልኝም" አሉኝ። ቆይቶ ኩላሊታቸው ተነካ፣ ክሪያቲኒናቸው፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ማለት ነው፣ በየምርመራው ከፍ እያለ ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላው አፍንጫዬ ስር እያለ አንድም ቀን "ምጣዱ በምንድነው የሚነደው? ጭሱ በየት ይወጣል?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ የምንሞላው ካርድ ላይም እንዲህ የሚል ቦታ አልነበረም። ኩላሊታቸውን የጎዳው ጭሱ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግፊቱ ብቻውን ይበቃል፣ ግን ግፊቱን ከሚያባብሱት ነገሮች ግማሹን ብቻ ነበር የምነግራቸው።

እኛ ጭስ ስንባል የሚታየን አይን ማቃጠልና ሳል ነው። ነገሩ ግን እዛ አያቆምም። ጭስ ውስጥ ፒኤም 2.5 የሚባል ብናኝ አለ፣ ከጸጉራችን ውፍረት ከ20 እጥፍ በላይ የቀጠነ፣ አፍንጫም ጉሮሮም አይዘውም፣ ቀጥ ብሎ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። እዛ ሲደርስ ሳንባው ይቆጣል፣ ቁጣው በደም አድርጎ ሌላውን ሰውነት ያዳርሳል፣ ከብናኙም በጣም ደቃቁ ራሱ ደም ውስጥ ይገባል። ያኔ ደም ስር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ደሙ ለመርጋት ይቀለዋል። ድሮ ልቡ ወይ ደም ስሩ የደከመ ሰው ካለ በልብ ድካም ወይ በስትሮክ የሚወድቀው በዚህ በኩልም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአየር ብክለት ምክንያት በዓመት 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል ሲል ብዙዎቹ በሳል የሞቱ እንዳይመስላችሁ፣ ልብና ስትሮክ ትልቁን ድርሻ ይዘዋል።

ኩላሊትን አስቡት ደሞ። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፣ ከዛ ውስጥ አንድ አምስተኛው የሚሄደው እያንዳንዳቸው ጡጫ ለሚያህሉት ለሁለቱ ኩላሊቶች ነው፣ ስለዚህ ደም ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ኩላሊት ደጃፍ ሳይደርስ አይቀርም፣ ማጣሪያዎቹ ደግሞ ከጸጉር የቀጠኑ ደም ስሮች ናቸው፣ ግፊትም ቁጣም ቶሎ ይጎዳቸዋል። ክፋቱ ኩላሊት አይጮህም፣ ብዙው ከጠፋ በኋላ ነው እግር ማበጥ ምናምን የሚመጣው። ስኳርም እንደዛው ነው፣ ሰውነት በቁጣ ሲቆይ ከደም ውስጥ ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊን ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። አሜሪካኖች 1.7 ሚሊዮን የቀድሞ ወታደሮቻቸውን ለዓመታት ተከታትለው በ2018 እኤአ ያወጡት ጥናት አየሩ በቆሸሸበት የሚኖሩት በስኳር የመያዝ እድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል፣ ወፍራም ቀጭን ሳይል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አዳማ አቧራዋን ታውቃላችሁ፣ ንፋሱ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው በከንቱ አይደለም፣ በዛ ላይ የጅቡቲ መኪና ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው። ባጃጅ የምትሠሩ ልጆች፣ የናፍጣ ተሳቢ ጭራ ላይ ተለጥፋችሁ አትሂዱ፣ ሃያ ሜትር ወደ ኋላ መቅረት ምንም አያስከፍልም። ጨርቅ አፋችሁ ላይ ማሰር አቧራውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አይዝም፣ እሱን የሚይዘው ፊት ላይ ግጥም የሚል ኤን 95 ማስክ ነው። ስፖርት የምትሠሩም ዋናው መንገድ ዳር አትሩጡ፣ ስትሮጡ የምትስቡት አየር ቁጭ ካለ ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣላ፣ ወደ ውስጥ ሰፈር ግቡ።

ኅዳር ሲታጠንን ተዉት አልልም፣ እኔም ያደግኩበት ነው፣ በ1911 በኅዳር በሽታ ያለቀው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ግን ያኔ የሚነደው ገለባና ቅጠል ነበር፣ ዛሬ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ ነው፣ ከዛም አልፎ ኅዳር ሳይሆን በየሳምንቱ ደጃፍ ላይ የሚያነዱ አሉ። ፕላስቲኩን ለይታችሁ አውጡ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ፣ ቅጠሉን ብቻ አንዱ።

ከሰልም እንዲሁ። መብራት ሲጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ እናስገባለን፣ ፍሙ ከቀላ ጭስ የለውም ብለን በሩን እንዘጋለን፣ ያን ጊዜ ነው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣው። ኦክሲጅንን ከደም ላይ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ልብ ደግሞ የጎደለውን ለማሟላት ይለፋል። ቡና ሲፈላ በሩም መስኮቱም ይከፈት፣ ፍሙ ውጭ ይቀጣጠልና ይግባ። ሺሻ የምታጨሱ ካላችሁ እሱም ከላዩ ከሰል ነው፣ ያንኑ ጋዝ በአፋችሁ እየሳባችሁት ነው።

ደሞ ግፊታችሁን ተለኩ፣ ወጣት ነኝ ምናምን አትበሉ፣ በ28 ዓመቱ 180 ያገኘሁት ልጅ ነበረ፣ ምንም አያመኝም እያለ። ከ140/90 በላይ ደጋግሞ ከመጣ ኪኒን ተጀመረም አልተጀመረም የሽንትና የክሪያቲኒን ምርመራ ጠይቁ።

እናታችሁን ወይ አክስታችሁን ለክትትል ስትወስዱ ደግሞ ነርሷ ባትጠይቅም እናንተው ንገሯት፣ በቀን ስንት ሰዓት ምጣድ ላይ እንደሚቆሙ፣ እንጨት ይሁን ጭራሮ፣ ማድ ቤቱ መስኮት ይኑረው አይኑረው። ካርዱ ላይ ቦታ ከሌለ ጠርዙ ላይ ትጻፈው።