ያለ ቶርኖ ክብ እግር ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ከዋንዛ በርጩማ መሥራት ጀምሬ እግሮቹ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቶርኖ (እንጨት እያሽከረከረ ክብ የሚያወጣ ማሽን) የለኝም፤ ያለኝ መጋዝ፣ መላጊያና ሞረድ ነው። በእጄ ክብ ላደርገው ስል አንዱ ጎን ይጎድላል፣ ሌላው ያብጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለህ መሣሪያ ይበቃል። ክቡን ለማየት ቸኩለህ ነው። መጀመሪያ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ፣ በስኳድራ (በቀጤ ማዕዘን መለኪያ) የተረጋገጠ አራት ማዕዘን አውጣ። እግሩ ወደ ታች ቀጠን እንዲል ከፈለግህም ማቅጠኑን እዚሁ ጨርስ።

ቀጥሎ አራቱን ስምንት ታደርገዋለህ። እንጨቱ 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ጎን ላይ ከሁለቱም ጠርዝ 1.2 ሴንቲ ሜትር ገባ እያልክ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ አስምር፤ መሀሉ ላይ 1.6 ይቀራል። ጠርዞቹን እስከ መስመሩ ድረስ ላጋቸው፤ መስመሩ ጋ ስትደርስ አቁም። መላጊያው እየቦጨቀ ካስቸገረህ እንጨቱን አዙረህ ከሌላው ጫፍ ጀምር። ስምንቱን ወደ አሥራ ስድስት ስትቀይር መለኪያ አያስፈልግህም፤ አንዱን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ከላግህ ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ላግ፣ በቃ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ወረቀቱን በረጅሙ ቀደህ እግሩ ላይ ጠምጥመውና ሊስትሮ በጨርቅ ጫማ እንደሚወለውል ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ወዲያና ወዲህ ሳበው፤ እግሩን ግን በየመሀሉ ማዞር እንዳትረሳ። ያበጠውን ቦታ ለማግኘት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ በምትፈልገው ልክ ቀዳዳ አውጣ፣ ውስጡን ከሰል ቀባውና እግሩን አስገብተህ አዙረው። ጥቁር የነካው ቦታ ትርፍ ነው፤ እሱን ብቻ ሞርድ።

አንድ ነገር አደራ፦ እንጨቱ ይድረቅ። በተለይ በክረምት የተገዛ ጣውላ ደረቅ መስሎ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሸሽም (አይኮማተርም)፤ ስለዚህ እርጥቡን ደክመህ ክብ ብታደርገው ቆይቶ ሞላላ ይሆንብሃል። እግሩ ከመቀመጫው ይበልጥ ደረቅ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። መቀመጫው ላይ ባለው ቀዳዳ ከገባ በኋላ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና እዚያው ይጠብቃል። እርጥብ ሆኖ ከገባ ግን ሲደርቅ ይሸሽና መነቃነቅ ይጀምራል፤ ያኔ ኮላም አያድነውም።